የጉግስ ለምድና የከፋይ ጨርቅ ጣጣ

ዘንድሮ ለገና ለአንድ የሱሉልታ ጋላቢ የሰፋሁት ለምድ (ትከሻ ላይ የሚደረብ የክብር ልብስ) ጉግስ ውሎ አንድ ስፌት ሳይተረተር ገባ። ጉራ ከሆነም ይሁን፣ ለሙያ ጓደኞቼ ሳልነግር አላድርም።

አጀማመሬ የዓድዋ በዓል ልብስ ነው። እጀ ጠባቡና ሱሪው ብዙ አያስቸግሩም። አቡጀዲ ትቆርጣላችሁ፣ ሱሪውን ከጉልበት በታች ጠበብ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ ደንበኛው ሁሉ ለምድና ጎፈር (የአንበሳ ጋማ የራስ ጌጥ) ካልሆነ ይለኛል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዘመተው ሕዝብ አብዛኛው ሸማ ለባሽ ገበሬ ነበር። በወርቅ ክር የተጠለፈ ለምድ የመኳንንት ልብስ፣ የጀግና ሽልማት ነው። ሁሉም ራስ ከሆነ ማን ሊዘምት ነው? ይህን ስናገር ግን ገበያ ይሸሻል። ስለዚህ አፌን ይዤ እሰፋለሁ።

ወደ ከፋዩ ጨርቅ ልምጣ። ለምድ ጥንት ቆዳ ነበር። ከዳሩ የሚንጠለጠሉት ዘርፎች የአውሬው እግሮች ምልክት ናቸው። ዛሬ ከላይ ከፋይ፣ ከውስጥ የሳቲን ገበር ነው፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከፋይ ጸጉር አለው። መኪናው ሲጫነው ጸጉሩ ገበሩን እየገፋ ይሄዳል። ጫፍ ስትደርሱ አንዱ ጨርቅ ከሌላው ይተርፍና ዘርፉ እንደ በግ ቀንድ ይጠመዘዛል። ስፒል ብትደረድሩም ዋጋ የለውም።

መላው የእጅ ስፌት ነው። በቀጭን ክር፣ ከስፌቱ መስመር ግራና ቀኝ፣ ሰያፍ ሰያፍ እያደረጋችሁ ያዙት። ከዚያ የእግሩን ጫና የሚያጠብቀውን የመኪናውን የላይ ብሎን አላሉት። ስፌቱን ረዘም አድርጋችሁ ጸጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ንዱ። የማዕዘኑን ትርፍ ከርክማችሁ ስትገለብጡ በመቀስ ጫፍ አትውጉት፤ ደነዝ ባለ እንጨት ግፉት። ሙጫ ቀብቶ የሚገላገል ሰፊ አውቃለሁ። ሙጫው ከፋዩን አልፎ ፊቱ ላይ ይወጣል፣ ሲደርቅም ይገግራል። የእጁን ስፌት «ጊዜ ይፈጃል» ለሚሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ ይፍጅ!

ስትቆርጡ የሁሉም ክፍል ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። አለበለዚያ ከአንድ ጣቃ የወጣ ጨርቅ ሁለት ቀለም ይመስላል። ካውያ ደግሞ ፊቱን በፍጹም አይንካው። ሌላ ከፋይ ከስር አንጥፋችሁ፣ ጸጉር ለጸጉር አገናኝታችሁ፣ ከጀርባ በእንፋሎት ብቻ።

ጉግስ ላይ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻ ይመክታል። ክንድ ካልተፈታ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ትከሻው ላይ አሳጥራለሁ። አንገቱ ላይም በሰንሰለት ፈንታ ሲጎተት የሚላቀቅ ቁልፍ አደርጋለሁ። «ታሪኩን አበላሸኸው» ይሉኛል። ለታሪክ ብዬ ሰው አላንቅም።

ይህን ሁሉ የምለው ፈረስ ላይ ወጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ጥልፉም የኔ አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ከፍዬ አስጠልፋለሁ። ስታዩት አድናቆቱን ለጠላፊው አካፍሉልኝ።

አሁን የያዝኩት ጎፈር ነው፣ በፍየል ጸጉር። የአንበሳው ቀርቶብኛል፤ ለበዓል ተብሎ አንበሳ አይገደልም። ቀለሙን አግኝቼዋለሁ፣ ሽታው ግን ቤት አላስቀምጥ አለኝ። መላ ያለው ይጻፍልኝ፤ «ፀሐይ ላይ አስጣው» የሚል ግን አይድከም፣ እሱን ሞክሬዋለሁ።