ሆድ ዕቃ የሌለው ዓሣ

ኢስት ለንደን ስላችሁ እንግሊዝ ያለችው ለንደን እንዳትመስላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ የቡፋሎ ወንዝ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝባት የወደብ ከተማ ናት። የሄድኩት ለባሕሩ አልነበረም። አንድ የደረቀ ዓሣ ለማየት ነው። ጓደኞቼ ስቀውብኛል፣ ይሳቁ።

ዓሣው የከተማው ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሲያዝ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ቡናማ ሆኖ አሮጌ የቆዳ ሻንጣ መስሏል። ዓይኔ የቀረው ግን ክንፎቹ ላይ ነው። እንደ ሌላው ዓሣ ከገላው ላይ በቀጥታ አልበቀሉም፣ አጭር እግር በሚመስል ሥጋ ጫፍ ላይ ነው የተተከሉት። ጅራቱ መሐል ደግሞ ሌላ ትንሽ ጅራት አለችው። ሲላካንት ይባላል። ሳይንቲስቶች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ ጠፍቷል ብለው ፋይሉን ዘግተውበት ነበር።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1938 የሙዚየሙ ኃላፊ ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር ወደብ ላይ ከዓሣ ክምር ሥር አገኘችው። 57 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ወቅቱም እዚያ በጋ ነው። የታክሲው ሹፌር ይሄን የሚሸት ነገር አልጭንም ብሎ ተከራከራት። አስከሬን ክፍል ወሰደችው፣ እነሱም አንቀበልም አሉ። ሲቸግራት ፎርማሊን (ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ በነከረችው ጋዜጣና አንሶላ ጠቀለለችው። አልሆነም፣ መበስበስ ጀመረ። ስለዚህ ቆዳው ተገፎ ተሞላ፣ ሆድ ዕቃው ተጣለ። እኔ ፊቱ የቆምኩት ዓሣ እንግዲህ ውስጡ ባዶ ነው። ለኔ፣ ለዓሣው ስም ያወጣለት የጄ.ኤል.ቢ. ስሚዝ ሙያ በሙሉ የዚህ ባዶ ሆድ ታሪክ ነው።

ስሚዝ በትምህርቱ ኬሚስት ነው። በ1922 ከካምብሪጅ ዶክትሬቱን ይዞ መጥቶ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ግራሃምስታውን ከተማ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፤ ዓሣ የትርፍ ጊዜ ሱሱ ነው። ማርጆሪ ዓሣውን በእጇ ስላ ደብዳቤ ላከችለት። እሱ ደግሞ ለእረፍት ክኒስና የምትባል ከተማ ሄዷል። ደብዳቤው የደረሰው ጃንዋሪ 3 ቀን ነው። ወዲያው አጽሙንና ስንጥቡን አስቀምጪ የሚል ቴሌግራም መታ (የዛሬው አፕ አይደለም፣ የድሮው በሽቦ የሚላከው)። ምን ዋጋ አለው፣ ተጥሏል። ፌብሩዋሪ ላይ መጥቶ ሲያየው አልተጠራጠረም። ላቲሜሪያ ቻሉምኔ ብሎ ሰየመው፤ ላቲሜሪያ ከእሷ ስም፣ ቻሉምኔ ዓሣው ከተያዘበት አቅራቢያ ካለው የቻሉምና ወንዝ። የራሱን ስም አላስገባም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው 14 ዓመት ፍለጋ ነው። ላመጣ ሰው 100 ፓውንድ የሚል በራሪ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ አሳትሞ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በተነ። እስከዚያው ኬሚስትሪውን ትቶ ሙሉ ለሙሉ የዓሣ ሰው ሆነ፤ በ1949 ስለ ደቡባዊ አፍሪካ የባሕር ዓሦች ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ሥዕሎቹን ከሠሩት አንዷ ባለቤቱ ማርጋሬት ናት። በ1952 መጨረሻ ኮሞሮስ ደሴቶች ላይ ሁለተኛው ሲላካንት ተያዘ። ስሚዝ እንደገና እንዳይበሰብስበት ጭንቅ ያዘው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማላንን አውሮፕላን ለመነ። ማላን አፓርታይድን ሕግ ያደረገ መንግሥት መሪ ነው፣ ደግ ሰው ነበር ልላችሁ አይደለም። ግን የስሚዝ መጽሐፍ እጁ ላይ ነበር፣ ይህን የጻፈ ሰው በከንቱ አይለምንም ብሎ ወታደራዊ ዳኮታ ሰጠው። ስሚዝ ደርሶ ሣጥኑ ሲከፈት አለቀሰ። በዚህኛው ሆድ ዕቃው አልተጣለም። አንድ የጀርባ ክንፍ ስለጎደለው ግን አዲስ ዝርያ መስሎት ማላኒያ አለው። ክንፉ የጎደለው በጉዳት ነው፤ ዓሣው ያው ላቲሜሪያ ሆኖ ተገኘ፣ የማላን ስምም ተሰረዘ።

በማግስቱ ግራሃምስታውን ሄድኩ፣ አሁን ስሟ ማካንዳ ነው። ስሚዝ በ1968 ሲሞት ማርጋሬት በስሙ ተቋም መሥርታ መርታለች፤ ዛሬ ብሔራዊ የውሃ ብዝኃ ሕይወት ምርምር ተቋም ሆኗል፣ በአልኮል የተቀመጠው የዓሣ ክምችት እዚያ ነው። እኔ ብልሁ የደረስኩት ቅዳሜ ነው። ተዘግቷል። ጥበቃው «ቡቲ» አለኝ፣ በኮሳ ቋንቋ ወንድሜ እንደማለት ነው፣ «ምን ፈልገህ ነው?»

«ዓሣ ለማየት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና በመጣሁበት መንገድ በኩል እጁን ዘረጋ። «ባሕሩ በዚያ ነው።»