ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር አራት ሊትር ቤንዚን እንዴት እንዳተረፍሁ

በሥራዬ ምክንያት በወር ሁለት ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። መንገዱ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አልፎ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ቶዮታ ኮሮላዬ ለአንዱ ጉዞ በአማካይ 24 ሊትር ተኩል ቤንዚን ትፈጅ ነበር፤ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም ማለት ነው። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያገኘሁት ነዳጅ እንዲህ ሲያልቅ ማየት ስለ ከበደኝ፣ በ2015 ዓ.ም. ምክንያቱን ለማግኘት ተነሣሁ።

አስቀድሜ አለካኬን አስተካከልሁ። የነዳጅ ማሳያው መርፌ ስለማያስተማምን ስነሣና ስደርስ ታንከሩን እየሞላሁ፣ የተጓዝሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል ጀመር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የመሄጃው ብቻ ያታልላል፤ የደርሶ መልሱን አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል።

ዋናውን ጥፋት ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ፍኖተ ሰላም ለቁርስ ቆሜ በመኪናዋ ዙሪያ ስዞር ከፊት ቀኝ ጎማ ኃይለኛ ሙቀት ተሰማኝ። የግራው ለብ ያለ ብቻ ነበር። በአቅራቢያው ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ፊቷን በክሪክ አንሥተው ጎማዎቹን በእጃቸው አሽከረከሩ፤ ግራው በነፃነት ሲዞር ቀኙ አንድ ዙር ሳይሞላ ቆመ። «ልጄ፣ አንተ ነዳጅ ትሰጣለህ፣ ፍሬኑ ይይዝሃል» አሉኝ። የካሊፐሩ፣ ማለትም የፍሬኑን ሸራ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ ፒኖች በአቧራና በዝገት ተጣብቀው የፍሬኑ ሸራ ከዲስኩ አልላቀቅ ብሎ ኖሯል። ፒኖቹን ጠርገው ቅባት ከቀቡ በኋላ ሸራዎቹን ቀየሩልኝ። በማግስቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ነፋሱን ሳስለካ ደግሞ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተጻፈው የነፋስ ግፊት 30 ፒ.ኤስ.አይ. ሆኖ ሳለ የኋላዎቹ 22 ብቻ ነበራቸው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲስተካከሉ ፍጆታው ወደ 22 ሊትር ተኩል ወረደ። የአየር ፊልትሮውንም በአቧራ ስለ ታፈነ ቀየርሁት፤ ነገር ግን ነዳጅ በኢንጀክተር በሚረጭ ሞተር ላይ ይህ ይበልጥ የሚረዳው ለጉልበት እንጂ ለቁጠባ አይደለም።

የቀረው በእኔ እግር ላይ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ከደጀን በኋላ የዓባይን በረሃ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ያተርፋል ብዬ ለዓመታት አምን ነበር። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ስሕተቴን አስረዱኝ። በኢንጀክተር የሚሠራ ሞተር ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ጎማዎቹ ራሳቸው ስለሚያዞሩት ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፋ መመገቡን ይቀጥላል። ከዚህም በላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ስለሚሆን በዚያ ረጅም ቁልቁለት ግሎ ሊከዳ ይችላል። ዛሬ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እወርዳለሁ፤ ይህን ማንም አሽከርካሪ እንዲያውቀው ከልቤ እመኛለሁ።

ሜዳው ላይ ከ100 ይልቅ 80 ላይ እጸናለሁ፤ የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ እጅግ በላይ ይጨምራልና። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ከሩቅ ሳይ እስከ አጠገቡ ነድቼ ፍሬን ከመርገጥ አስቀድሜ እግሬን አነሣለሁ። ባዶውን የጣሪያ ዕቃ መጫኛም አውርጃለሁ። በዚህ ሁሉ ያለፉት ስድስት ጉዞዎች አማካይ 20.3 ሊትር፣ ማለትም በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ያልተሻሻለው የከተማው ውስጥ ፍጆታ ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ የተነሣ ሞተር ሳይሞቅ ገበያ ደርሶ ሲጠፋ፣ በዚያች አጭር መንገድ በዛ ያለ ቤንዚን ይጠጣል። ለዚህ ያገኘሁለት መፍትሔ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን በእግሬ መሄድ ብቻ ነው።