የሶሪቷ ዝግባ

ሰሜን ሸዋ ያለው የወፍ ዋሻ ደን የሄድኩት ሶሪትን ፎቶ ለማንሳት ነው። ሌላውን ሁሉ ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው።

ሶሪት አረንጓዴ ወፍ ናት። ጭራዋ ረዘም ይላል፤ ፊቷ ላይ ነጭ ምልክት አላት። ቅጠል መሃል ስትቀመጥ ቅጠል ነው የምትመስለው። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ከውስጥ ደማቅ ቀይ ብቅ ይላል። ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጓሮ ብድግ ብላ ስትበር አንዴ አይቻታለሁ። «ያ ቀይ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ አያቴ «ሶሪት ናታ!» አለችኝ። ካሜራ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ያ ቀይ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም።

ጊዜው ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር። አምስት ፎቶ አንሺዎችና አንድ አሠልጣኝ ሆነን በሚኒባስ ከአዲስ አበባ ወጣን። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፈን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን ገባን። ብርዱ ከመኪና እንደወረድን ነው የተቀበለን። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሌሊት ይበቃል።

እራት ላይ አሠልጣኛችን ስለ ብርሃን አወራን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቷቸው ከተማዋን በዚያ ሰየሟት ይባላል። ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ባለጭራ ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ስለ ብርሃን ለመማር ደስ የሚል ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ሥራችን ገባን። ወፍ አንገቱን እንኳ ሳያዞር አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሹተር ስፒዱ፣ ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት፣ ፈጣን መሆን አለበት። ፎከሱ ዐይኑ ላይ ይሁን። ወፉ ከጀርባው ነጭ ሰማይ ካለ ካሜራው ይታለልና ወፉን ጥላ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ራሳችሁ ጨምሩለት። ፍላሽ ክልክል ነው። ጎጆ አካባቢ መቆም ክልክል ነው።

በማግሥቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አንኮበር አቀናን። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ገብሱ መብሰል ጀምሯል። አንገታቸው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው፣ ምንቃራቸው ወደ ታች የታጠፈ ትልልቅ ወፎች እየጮሁ በላያችን አለፉ። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የሉም። ድምፃቸው የደጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ በጠዋት መንደር ይቀሰቅሳሉ። ማጅራቱ ነጭ የሆነው፣ ምንቃረ ወፍራሙ የእኛ ቁራም እንደዚያው የዚህ አካባቢ ብቻ ነው። በየቆሻሻው ላይ ስለምናየው ንቀነዋል። ከዓለም ዳርቻ እሱን ብሎ የሚመጣ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከተማው ሳንደርስ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ከእግራችን ሥር መሬቱ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ነፋሱ ሰው ይገፋል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ከእኛ ሠላሳ ርምጃ ላይ ቁጭ ብለዋል። እኛ የምንፈልገው ግን መሬት ላይ ያለችውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ነው። በሳይንስ ስሟ አንኮበርን የያዘች ናት፤ የአንኮበር ሴሪን ይሏታል። ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. እዚሁ አካባቢ አገኛት፤ በ1979 ደግሞ ለሳይንሱ ዓለም አዲስ ዝርያ መሆኗን ጽፎ አስታወቀ። ለብዙ ጊዜ ከሰሜን ሸዋ ገደሎች ሌላ ቤት የላትም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኘች።

ይህን ሳስብ ይገርመኛል። የአንኮበር ነገሥታት፣ ከነሱም ደጅ የጠኑ የውጭ መልእክተኞች ሁሉ በዚህ ገደል ተመላልሰዋል። እረኛው በየቀኑ አይቷታል። በመጽሐፍ የገባችው ግን ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

በደረታችን ተኝተን ጠበቅን። አሥር የሚሆኑ መጡና እሾሃማው ሣር መሃል ፍሬ መልቀም ጀመሩ። ደረታቸው ዝንጉርጉር ነው፤ ድንጋዩን ይመስላሉ። ነፋሱ ካሜራዬን እያወዛወዘው ብዙ ፎቶ ተበላሸብኝ። ክርኔን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ሳነሳ ግን ሁለት ጥሩ ወጡ። ውበቷ የሚታየው በቅርብ ነው። ይህን ካላየሁ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

በማግሥቱ ደኑ ገባን።

«ዝናባማ ደን» ሲባል ብዙዎቻችን ከፋንና ሼካን ነው የምናስበው። ወፍ ዋሻ እንደዚያ አይደለም። ቀዝቃዛ የደጋ ደን ነው። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ገደላገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ታች ዝግባና ወይራ አለ፤ ጽዱ ይቀጥላል፤ ከፍ ሲባል ኮሶ፣ ከዚያም አስታና ጅብራ። ጠዋት ከቆላው የሚነሳው ጉም ዛፎቹን ሲነካ ውሃ ይሆንና ከቅርንጫፉ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ጃኬቴ ረጠበ። ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ችግኝ ከዚህ አስወስደው መናገሻን አስተከሉ የሚባል ታሪክም አለ።

የመራን በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ የአካባቢው ሰው ነበሩ። ስካውት፣ ማለትም የደኑ ጠባቂ ናቸው። በርኖስ ደርበው ዱላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እንደ እኛ ወደ ላይ አያዩም። አንገታቸውን ደፍተው በጆሯቸው ነው የሚሄዱት። ድንገት ቆም ይሉና «ግንደ ቆርቁር» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ እኛም ኳ ኳ ሲል እንሰማለን።

መንገዳችን ላይ «ሌት ማረፊያ» ስለሚባል ቦታ ተነሣ። ከአንኮበር ብዙም አይርቅም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት የምርምር ጣቢያ ነበር። የመራው ኦራትዚዮ አንቲኖሪ ሲሆን ዋና ሙያው ወፍ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1882 እዚያው ሞተ። ያኔ ወፍን ማጥናት ማለት ተኩሶ መግደል፣ ቆዳውን ገፎ በሣጥን ወደ አውሮፓ መላክ ነበር። ስካውታችን ይህን ሲሰሙ ካሜራዬን አዩትና «ይሄኛው ይሻላል፤ ወፏ ለነገም ትኖራለች» አሉ።

ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ስንደርስ ቆሙ።

«ጋሼ፣ እዚህ ነው የሚሻለው?» አልኳቸው። ዙሪያው ሁሉ ዝግባ ነው፤ ይህኛው ምን እንደለየው አልገባኝም።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ የምታፈራዋ ናት» አሉኝ። «ያ ወንዱ ነው። መቶ ዓመት ብትጠብቂ ፍሬ የለውም።»

ዝግባ ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ እንዳለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ቅርንጫፎቹ ላይ ድብልብል ፍሬ ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዱ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሶሪት የምትኖረው በፍሬ ነው። እኔ ወራት ሙሉ ስለ ሌንስ ሳነብ ከርሜያለሁ። እሳቸው ግን የትኛዋ ዛፍ በየትኛው ወር እንደምታፈራ ያውቃሉ። የዚያን ቀን ፎቶ ያስገኘው ይህ ዕውቀት ነው።

ቁጭ አልን። ጉሙ ሌንሴን አለበሰው። በጠረግኩት ቁጥር ተመልሶ ይሸፍነዋል። ብርዱ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ባትሪ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። አንድ ሰዓት አለፈ። ከጓደኞቻችን አንዱ ትዕግሥቱ አለቀና ስልኩን አወጣ። የሶሪት ድምፅ ቀድቶ ይዟል። ሊያሰማ ሲል ስካውታችን እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ። የሌላ ሶሪት ድምፅ ስትሰማ ቦታዬን ሊቀሙኝ መጡ ብላ ትሮጣለች። ፍሬዋን ጥላ ነው የምትመጣው። በውሸት አትጥራት።»

ልጁ ስልኩን መለሰ። በጣም ነው ያከበርኩት፤ አንድም ቃል አልተከራከረም።

ከዚያ ከበላያችን «ክርር፣ ክርር» የሚል ሻካራ ድምፅ መጣ። ስካውታችን ጣታቸውን ብቻ አነሡ። ሶሪት እንደ ሌሎች ወፎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አትዘልም፤ ትሮጣለች። ግንዱን ተከትላ እንደ ሽኮኮ ስትሮጥ አየኋት። ፍሬ ቀጠፈች፤ ሳታኝክ ዋጠች። ደጋግሜ አነሣኋት። አረንጓዴው፣ ነጩ ምልክት፣ ቀይ የዐይኗ ዙሪያ ሁሉ ወጣ። ክንፏ ግን ዝግ ነው። ዛፉን በሙሉ የያዘ ፎቶም አነሣሁ፤ ለማስታወሻ ያህል ነበር።

«ወደ ላይ ከወጣች ልትበር ነው» አሉኝ ስካውታችን በሹክሹክታ። «ጫፍ ሳትደርስ አትነሣም።»

ይህን አሠልጣኛችንም አያውቅም ነበር። ሹተር ስፒዱን ወደ 1/1600 ወሰድኩት። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት፣ 3200 ገባ፤ ፎቶው ትንሽ ቢሻክርም ይሻክር አልኩ። ሌንሱን ከላይኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ደቅኜ ጠበቅኩ። ወጣች። አንዴ ቆመች። ከዚያ ክንፏን ዘርግታ ወደ ሸለቆው ወረደች።

አሥራ አንድ ፎቶ ነው ያነሣሁት። አንዱ ጠርቷል። ያ ቀይ አለ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ካሜራውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አያቴ ትዝ አለችኝ።

ስለዚህ ቀለም ማታ አሠልጣኛችን ያጫወተን ነገር አለ። የብዙ ወፎች አረንጓዴ እውነተኛ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን ላባው ላይ ሲሰባበር የሚፈጠር ነው። የሶሪት አረንጓዴና ቀይ ግን ላባው ውስጥ ያለ የራሷ ቀለም ነው። ቀዩ ውስጥ መዳብ አለበት። ጉም ቢሆን ጥላ ቢሆን የማይደበዝዘው ለዚያ ነው። በማግሥቱ የዚህን ተቃራኒ አየን። ከፍታው ላይ፣ የጅብራ አበባ ውስጥ ረጅም ምንቃሩን የሚሰድ፣ የተከዜን ስም የያዘ የአበባ ወፍ አለ። ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው። ትንሽ ዞር ሲልና ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊና ነሐስ ይሆናል። እሱን ለማንሳት ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ እስኪዞር መጠበቅ ብቻ ነው።

ስንመለስ ጭነት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። ስካውታችን ሰላምታ ተለዋውጠው አለፉ። ትንሽ ራቅ ካልን በኋላ አንድ ጉቶ አሳዩኝ። ይህም ሴት ዝግባ ነበረች። ሶሪት እዚህ ትመጣ እንደነበር ነገሩኝ። «ማገዶ የሚገዛ እስካለ ይቆረጣል። ሴቶቹን ምን እላቸዋለሁ? ልጆቻቸው ብርድ ላይ ናቸው» አሉ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከሆቴላችን ደጅ የተከመረው ማገዶ ከየት እንደመጣ ግን ያን ማታ ጠየቅኩ።

ልንለያይ ስንል ፎቶዎቹን በካሜራዬ መስኮት አሳየኋቸው። የሚፈልጉትን አሳትሜ እንደምልክላቸው ነገርኳቸው። ባለ ቀዩን ክንፍ ይመርጣሉ ብዬ ነበር። አዩት፤ «ጎበዝ!» አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መልሺልኝ አሉ። ዛፏ በሙሉ ከምትታይበት ላይ ስንደርስ አስቆሙኝ። ሶሪቷ ነጥብ ናት። ፈልገው ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይሄን» አሉኝ።

በትልቁ አሳትሜ፣ ካርቶን ውስጥ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ሾፌር ላክሁላቸው። ከሳምንት በኋላ ደወሉ። ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል።

«ፍሬዋ ሳይቀር ይታያል» አሉኝ። ዝግባዋ አሁንም እያፈራች ነው።