ኩክ ነው ተብሎ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ይህ ነገር ካለፈ ከርሟል። እስካሁን ግን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ቀኝ ጆሯቸው ጥፍት ብሏል፤ ቤቱም ይዞርባቸዋል። ግድግዳ እየተደገፉ፣ እያስመለሳቸው መጡ። ያያቸው ባልደረባዬ ነው። የጆሮ መመልከቻው ባትሪ አልቋል። "ኩክ ነው፤ ብርድም መቷቸዋል" አለና ጠብታ ጻፈላቸው። መርፌ ክፍል ሆኜ ሰማሁት። ኩክ እንዲህ አያስመልስም አልኩ በልቤ። ዝም አልኩ።

በ9ኛው ቀን ተመለሱ። ማዞሩ ቀለል ብሏል፤ ጆሮው ግን ያው ነው።

"ጋሼ፣ እስቲ አፍዎን ዘግተው እምምም ይበሉ።"

"እምምም።"

"በየትኛው ጆሮ ጎልቶ ተሰማዎት?"

"በዚህኛው" አሉ ግራቸውን እየነኩ። "በደህናው።"

ልቤ ድንግጥ አለ። አንድ ጆሯችሁን በጣት ድፈኑና እም በሉ፤ ድምፁ ወደተደፈነው ይሄዳል። ኩክ ቢሆን ኖሮ በቀኙ ነበር የሚጎላው። ወደ ደህናው ከሄደ ችግሩ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ ነው።

ባልደረባዬ በር ላይ ቆሞ "አሁን ሰው በእምምም ነው የሚመረመረው?" አለኝ። አልመለስኩለትም። ፊታቸው ተጣሞ እንደሆነ፣ ንግግራቸውን፣ አረማመዳቸውን አየሁ፤ ስትሮክም እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላል። ሪፈሩን እሱው ጻፈ። ልጃቸው ጋ ደውዬ "ዛሬውኑ" አልኩት።

የጆሮ ሐኪሟ ፕሬድኒሶሎን ጀመረችላቸው። መድኃኒቱ ተስፋ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ እሱም በቶሎ ሲጀመር ነው። ጆሮው እንዲህ በድንገት የሚጠፋው በቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ በደም ሥር መዘጋትም ሊሆን ይችላል፣ አልፎ አልፎ የነርቭ ዕጢም አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን መንስኤው አይገኝም ብላቸዋለች።

ትንሽ ተሻላቸው። ስልክ ግን አሁንም በግራቸው ነው የሚያወሩት። ማዞር አብሮት ሲኖር በመጀመሪያው ቀን ቢመጡም መስማታቸው ላይመለስ ይችል ነበር ማለቷን፣ ሐኪሟ፣ ልጃቸው ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ። እኔ ግን እነዚያን 9 ቀናት መርሳት አልቻልኩም።

የመመልከቻውን ባትሪ ከኪሴ ገዛሁ። ባልደረባዬም አሁን ጆሮዬ ጠፋ የሚል ሰው ሲመጣ ወደ መርፌ ክፍል ይጣራል፦ "ሲስተር፣ ነይ እስቲ እምምም አሰኚያቸው።"

የያዝኩትን አስቀምጬ እሄዳለሁ።