ሮታቫተር ስትገዙ የቦታውንም ከፍታ አስሉ

ሮታቫተር ማለት ከትራክተር ኋላ ተያይዞ በሚዞር ቢላ አፈሩን የሚያደቅቅ መሣሪያ ነው። "ለትንሽ ትራክተር ስንት ሜትር ስፋት ያለው ሮታቫተር ልግዛ?" ሲሉኝ መጀመሪያ የምመልሰው በጥያቄ ነው። የት ነው የምታርሰው? ሸዋ ሮቢት ነው ደብረ ብርሃን? ሰዉ ግራ ይጋባል። ትራክተሩ ያው ትራክተር፣ ሮታቫተሩም ያው ሮታቫተር፣ ቦታው ምን አገባው? ይላል። ኧረ በጣም ያገባዋል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ነች። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ የሚበቃውን አየር አያገኝም፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ያጣል ብላችሁ ያዙ። 35 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ትራክተር የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ደጋው ላይ ሲደርስ 25 ነው። ከሞተሩ እስከ ፒቲኦው (ከትራክተሩ ኋላ መሣሪያውን የሚያዞረው የኃይል መውጫ) ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ መንገድ ላይ ይባክናል። ሮታቫተሩን የሚያዞረው 22 ፈረስ ቢገኝ ነው። ሻጩ ግን ካታሎጉን ገልጦ "ለ35 ፈረስ 1 ሜትር ከ50 ነው" ይላችኋል። ሰውየው አልዋሸም። ካታሎጉ ደጋ ላይ ያለውን የጫጫን ሜዳ አያውቀውም፣ በቃ።

እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ፒቲኦው ላይ 5 ፈረስ፣ ከባድ ከሆነ 7። በዚህ ሂሳብ ደጋው ላይ፣ ባሶና ወራና ወይም አንጎለላ ለሚያርስ ሰው በዚያው 35 ፈረስ ትራክተር ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ያለው ይበቃዋል። ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ባለችበት ቀወት፣ በመስኖ ለለሰለሰ የሽንኩርት ማሳ ግን 1 ሜትር ከ50ም ይሄዳል። ትራክተራችሁ ቱርቦ ካለው ከፍታው ብዙም አይጎዳችሁም፣ አንድ ደረጃ ሰፋ ማድረግ ትችላላችሁ።

ጠባብ ስትገዙ አንድ ጣጣ አለ። የኋላ ጎማዎቹ ከሮታቫተሩ ውጪ ይቀራሉ፣ የረገጡትም ሳይታረስ ይቀራል። ስለዚህ ወደ አንድ ጎን የሚገፋ ማያያዣ ያለውን ምረጡ። አንዱን ጎማ ከሸፈነ ይበቃል፣ ሌላኛው የረገጠውን በሚቀጥለው ዙር ታገኙታላችሁ። መሣሪያው ከትራክተሩ ኋላ የሚያዝበትን ባለሦስት ነጥብ ማያያዣም አስለኩ። የትንንሽ ትራክተሮች ማያያዣ ካቴጎሪ 1 የሚባለው መጠን ነው፣ የታችኞቹ ፒኖች 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19። ለትልቅ ትራክተር የተሠራ ሮታቫተር ረከሰ ብላችሁ ከወሰዳችሁ መጀመሪያ የሚጠብቃችሁ ብየዳ ቤት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ፣ ደነባ ያላችሁ ጥቁሩን ዋልካ አፈር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሲረጥብ ይጣበቃል። በመሀል ለሥራ የሚመች እርጥበት ያለው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ሮታቫተር የሚገባውም ያኔ ነው። ከሥሩ አፈር ዘግናችሁ ጨምቁት። ተድቦልቡሎ ከቀረና ጣት ላይ ከተለጠፈ ትራክተሩን አታስነሱ። በደረቁም አይሆንም። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሮታቫተሮች ቢላው የሚዞረው ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ ደረቅ መሬት ላይ መቆፈሩን ትቶ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። መሣሪያው ይዘላል፣ ቢላው ይበላል፣ ናፍጣው ያልቃል፣ ጓሉ ግን አለ።

እርጥቡ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የቢላው ጀርባ ከታች ያለውን አፈር እየለሰነ ይሄዳል። ላዩ ደቅቆ ያምራል፣ ከ10 እና ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ግን ውሃ የማያሳልፍ ልስን ተሠርቷል። ክረምት ላይ ውሃው እዚያ ይተኛል፣ ስንዴውም ይቢጫል። በየዓመቱ በዚያው ጥልቀት ሮታቫተር ብቻ የሚያስገባ ሰው ልስኑን እያጠነከረ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በበሬም ይሁን በዲስክ ገምሱት፣ ሮታቫተሩን ለመጨረሻው ማለስለሻ አቆዩት። ገመሳውንም አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጉት።

እነዋሪ ላይ መደብ በእጅ የሚሠራበት አገር ነው፤ ውሃው በቦዩ እንዲወጣ ዘሩ መደቡ ላይ ይሆናል። አንድ አባት ትራክተሩን ሲያዩ "ልጄ፣ መደቡን ሁሉ ደፍጥጠህ ልትሄድ ነው?" አሉኝ። "አይ አባባ፣ መደቡ ከእኔ በኋላ ነው የሚወጣው" አልኳቸው። "እንግዲያ ሰዉ ሳይሰበሰብ አትጀምር፣ ዝናብ ከቀደመን ጉድ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሮታቫተር ያለፈበት ዋልካ መደብ ሳይወጣለት ከባድ ዝናብ ካገኘው ጭቃ ሆኖ ይተኛል፣ ለዚያ ሰሞን ማንም አይገባበትም። ቀኑን የሚወስነው መደብ አውጪው ነው፣ ባለ ትራክተሩ አይደለም።

ጤፍ የሚዘሩ የምንጃር ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቁኛል። መሬቱ እንዲህ ከደቀቀ ጤፉ ለምን ሳስቶ በቀለ? በጣም ስለደቀቀና ስለተነፋ ነው። 1,000 የጤፍ ፍሬ አንድ ላይ ቢመዘን ከግማሽ ግራም በታች ነው። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር የተነፋ አፈር ላይ ስትበትኑት ጠልቆ ይቀራል። የድሮ ሰው ከብት ነድቶ የሚያስረግጠው ለዚህ ነበር። ሮታቫተር መጣ ተብሎ መርገጡ አይቀርም፣ እንዲያውም ይብሳል። ከብትም ይሁን የሚንከባለል ብረት፣ መሬቱ ጠበቅ ይበል፣ ከዚያ ዝሩ። የሮታቫተሩን የኋላ ሳንቃም ትንሽ ከፍ አድርጉት። ወደ ታች ሲወርድ አፈሩን ደጋግሞ ያደቅቀዋል፣ ከፍ ሲል ጓል ጓሉን ይተዋል። ለሽንኩርት መደብ ዝቅ፣ ለስንዴ ከፍ።

ሰርዶ ያለበት ማሳ ላይስ? እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። አታስገቡት። ሮታቫተር ሰርዶን አይገድልም፣ ቆራርጦ ይተክለዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ አንጓ ካለው ይበቅላል። እንግጫም ያው ነው፣ ፍሬውን ከአንድ ጥግ አንስቶ ማሳውን ሙሉ ያዳርሰዋል። በበጋ ገምሳችሁ ሥሩን ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ልቀሙት፣ ከዚያ ይታያል። ከሰርዶ ማሳ ወጥታችሁ ወደ ጎረቤት ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ቢላው ላይ የተጠመጠመውን አጽዱ። አለበለዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲረግማችሁ ይኖራል፣ አይፈረድበትም።

ስትገዙ ውስጡን ጠይቁ። ጎኑ ላይ ኃይሉን ወደ ታች የሚያወርደው በማርሽ ነው በካቴና? ካቴናው ይረክሳል፣ ሲበጠስም የትም ይቀየራል። ማርሹ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ከተሰበረ ግን ዕቃው እስኪገኝ ወራት ሊሄድ ይችላል። እኔ ድንጋይ ለሌለው ማሳ ማርሹን እመርጣለሁ። መንዝና አንኮበር እርከን ላይ ለሚያርስ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳስበው መከላከያው ነው። ድንጋይ ሲይዘው የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለው ነው ወይስ የሚበጠስ ቡሎን? ፍሪሲዮኑ ውድ ነው፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ግን ዋጋውን ይመልሳል። ባለ ቡሎኑን ከገዛችሁ አደራ፣ ቡሎኑ ሲበጠስ በጠንካራ ቡሎን ወይም በፌሮ ቁራጭ አትተኩት። ደካማ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። እሱ አልበጠስም ካለ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው፣ የሁለቱን ዋጋ አታወዳድሩት።

ቢላው ሁለት ዓይነት ነው። ኤል ቅርጹ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፣ የማሽላ አገዳና ገለባ ያለበትንም ይቆርጣል። ጎበጥ ያለው ሲ ቅርጹ ለከባድና ለሚጣበቅ መሬት ይሻላል፣ ብዙ ጭቃ አይሸከምም። ግራና ቀኝ እንዳለው አትርሱ። ሲቀየር የተሳለው ጎን አፈሩን ቀድሞ መንካት አለበት። የተገለበጠ ቢላ በጀርባው ይደበድባል እንጂ አይቆርጥም፣ ትራክተሩም ይንቀጠቀጣል። ከመኪና ባሌስትራ ቆርጠው የሚሠሩ አሉ። ለመሸጋገሪያ ይሁን፣ ግን አንዱ ከሌላው በክብደት ከተለያየ ዘንጉ ሲዞር ይናጣል፣ ኩሽኔታውንም ይበላዋል። ሲሆን ሲሆን ትርፍ ቢላ ከነቡሎኑ ከማሽኑ ጋር ግዙ፣ በሐምሌ አጋማሽ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ አያምርም።

የፒቲኦው ዘንግ እንደመጣ አይገጠምም። ሮታቫተሩን ወደ ላይም ወደ ታችም እያደረጋችሁ ለኩት። ረጅም ከሆነ ሲነሳ ጫፍ ለጫፍ ይገጥምና የፒቲኦውን ኩሽኔታ ይገፋል። ያኔ ከሁለቱም ወገን እኩል ይቆረጣል፣ ከነመሸፈኛው። አጭር ከሆነ ደግሞ ይለያያል፤ ሁልጊዜ ቢያንስ ሲሶው ተደራርቦ መቅረት አለበት። ማሳው ዳር ስትዞሩ ፒቲኦውን አጥፉና አንሱት። እየዞረ ከፍ ብሎ የተነሳ ዘንግ ክሮቸራውን (የዘንጉን መታጠፊያ መገጣጠሚያ) ነው የሚበላው።

ጥገናው ከባድ አይደለም፣ የሚረሳ ነው እንጂ። አዲስ ቢላ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ። ክሮቸራው በየ8 ሰዓቱ ግሪስ ይፈልጋል። ዘይት የሚጠጣው ሁለት ቦታ ነው። የመሀሉን ካምቢዮ ሁሉም ያየዋል፣ የጎኑን ግን ማንም አይከፍተውም፣ ካቴናው ወይም ማርሹ ያለው እዚያ ነው። በተለምዶ 90 የማርሽ ዘይት ነው የሚገባው፣ መመሪያው ሌላ ካለ እሱን ስሙ። የአዲስ ማሽን የመጀመሪያ ዘይት ብረት ብናኝ ይዞ ስለሚወጣ 50 ሰዓት ገደማ ላይ ቀይሩት።

ከሁሉ በላይ ግን ሲባጎ። የጆንያ ክር፣ የተቀደደ የመስኖ ላስቲክ፣ ገመድ፣ ሁሉም ዘንጉ ጫፍ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ፓራዮሎው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) ሥር ይገባና ይቆርጠዋል። ዘይቱ ይወጣል፣ ጭቃው ይገባል፣ ኩሽኔታው ይሄዳል። ማታ ማታ በቢላ ቆርጣችሁ አውጡት። ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ ከሥሩም ድጋፍ ተደርጎ። ሀይድሮሊኩን ብቻ አምኖ ከሥር የሚገባ ሰው ሳይ ይዘገንነኛል።

የደጋ ሰዎች፣ ጠዋት ብርዱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ጋቢ ለብሳችሁ ወደሚዞር ዘንግ አትጠጉ። ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ ነው የሚዞረው። ጫፉን ከያዘው ለመፍታት ጊዜ የለም። የዘንጉ ፕላስቲክ መሸፈኛ ሲሰበር "ይሠራል እኮ" ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፣ ቀይሩት። ልጆችም መከለያው ላይ አይሳፈሩ።

ወቅቱ አልቆ ስታስቀምጡት እጠቡት፣ ቢላውን የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ እንጨት ላይ አሳርፉት። ባለ ፍሪሲዮን ከሆነ ስፕሪንጎቹን አላሉ። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች እርጥበት ካገኛቸው ዝገው ይጣበቃሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ድንጋይ ሲመጣ አይንሸራተቱም። በግንቦት ስታወጡት የስፕሪንጎቹን ዳዶዎች መመሪያው እስከሚለው ልክ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ በላይ ግን አንድ ዙር እንኳ አትጨምሩ።