“ስቴቭ”ን ወደ አማርኛ ስመልስ፦ ቋሚ፣ ማገርና ምድጃ

የእንጨት በርሜል አሠራር መመሪያ ለጎጃም አናጢዎች ስመልስ ከሁሉ ያስቸገረኝ “ስቴቭ” የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ዙሪያውን ቆመው የበርሜሉን ገላ የሚሠሩት እንጨቶች እያንዳንዳቸው ስቴቭ ይባላሉ። እኛ ጠጃችንን በጋን ስለምንጥል ለዚህ ስም አላወጣንለትም፤ ከበሮው እንኳ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ “ጣውላ” አልኩት፤ ስህተት ነበር። “ጣውላ” ተብሎ የተነገረው አናጢ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው እንጨት ይቆርጣል። ስቴቭ ግን መሐሉ ሰፊ፣ ጫፎቹ ጠባብ፣ ጠርዞቹም ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው። የሆዱ ወርድ 70፣ የአፉ 56 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ225 ሊትር በርሜል በ30 እኩል እንጨቶች ቢሠራ፣ ከዙሪያው ለእያንዳንዱ መሐሉ ላይ 7.3፣ ጫፉ ላይ 5.9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። 360 ዲግሪ ለ30 ሲካፈል 12 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርዝ 6 ዲግሪ ይዘነብላል። ጠርዙ ቀጥ ካለ እንጨቶቹ በውስጥ በኩል ብቻ ይነካኩና በውጭ ክፍተት ይተዋሉ።

መፍትሔው የተገኘው ከጎጆ ቤት ነው። ስቴቩን “ቋሚ”፣ ዙሪያውን የሚያስረውን የብረት ቀለበት “ማገር” ስለው ነገሩ ቀለለ። ግን ይህም ወጥመድ አለው። ጎጆ ላይ ክፍተቱን ጭቃ ይሞላዋል፤ በርሜል ላይ ሙጫም ምስማርም የለም። ውኃ የሚከለክለው ማገሩ ሲጠብቅና እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው። ይህን ከቃሉ ሥር ካልጻፍን ባዶውን ከርሞ የደረቀ በርሜል ሲያፈስ ሙጫ የሚቀባ አይጠፋም። መድኃኒቱ ማገሩን ወደ ሆዱ መትቶ ማጥበቅ፣ ከዚያም ውኃ ሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ነው።

ቃሉ የተወለደው ከ“ስታፍ” ነው፤ በትር፣ ወይም የደብተራው መቋሚያ እንደማለት። የስታፍ ብዙ ቁጥር “ስቴቭዝ” ስለሆነ ነጠላው “ስቴቭ” ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ስለዚህ “ስቴቭዝ” በትሮችም ሊሆን ይችላል። በሙዚቃ ስቴቭ የሚባሉት አምስቱ የኖታ መስመሮች ናቸው። በግጥም ስቴቭን “ቤት” ማለት ለቅኔ አገር ሰው ያምረዋል፤ ግን ቤት አንዱ መስመር ነው፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት እንደሚባለው። ስቴቭ መስመሮችን ያቀፈ ስለሆነ “አንጓ” ይሻላል። የኖርዌይ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራሉ፤ እዚያ ግን ምሰሶ ነው።

ግሡ ይብሳል። “ስቴቭ ኢን” የበርሜልን ወይም የጀልባን ጎን ከውጭ መትቶ ወደ ውስጥ አሰርጉዶ መስበር ነው። ያለፈ ጊዜው “ስቶቭ” ሊሆን ይችላል፤ ምድጃም “ስቶቭ” ነው። ይህን ያላስተዋለ ጀልባውን ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። (የጣና ታንኳ የደንገል ጥቅል ስለሆነ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው።)

“ስቴቭ ኦፍ” ደግሞ በበትር ከመከላከል የመጣ ሲሆን፣ ክፉን ነገር ለጊዜው መግታት ማለት ነው። ምሳ እስኪደርስ ቆሎ ቆርጥሞ ረሃብን ማስታገስ “ስቴቭ ኦፍ” ነው፤ “ረሃብን አስወገደ” ተብሎ ከተመለሰ ግን ምሳው ቀርቷል ማለት ነው።