የአክስቴን የመዝሙር ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንዳስገባሁ

ሽፋኑ ላይ በአክስቴ እጅ ጽሑፍ «የሰርግ ዘፈን» ይላል። ስከፍተው ግን ወጣቶች በዝቅተኛ ድምፅ እየዘመሩ ነው። ክራር አለ፣ ጊታር አለ። ሁለተኛው መዝሙር መሃል ላይ አንዲት ሴት «ቀስ! ቀስ!» ስትል ይሰማል፣ ዝማሬውም ወዲያው ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል።

እዚያ ላይ አቁሜ አክስቴን ጠራኋት። «ለምንድን ነው እንዲህ የጻፍሽበት?» አልኳት። «ፈታሽ ቢመጣ የሚያነበው ሽፋኑን ነዋ» አለችኝ። ጴንጤ ቤት ያደገ ሰው የዚህ ነገር ክብደት ይገባዋል። እኛ ቤት ዘፈን የሚባል ነገር ደጃፍ አይረግጥም ነበር። እሷ ግን መዝሙሩን ለማትረፍ ስትል በገዛ እጇ ዘፈን ብላ ጻፈችበት።

ካሴቶቹ 43 ናቸው። በደርግ ጊዜ የጤፍ ጆንያ ውስጥ ነበሩ፣ በኋላ አልጋ ስር ሻንጣ ውስጥ ገቡ። ልገለብጣቸው ስነሳ ሥራው የሁለት ሳምንት መስሎኝ ነበር። ዓመት አለፈው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም።

መጀመሪያ ላይ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ ርካሽ ማጫወቻ ገዛሁ። ሦስተኛውን ካሴት በላው። ክሩን በጣቴ እያወጣሁ፣ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ አመሸሁ፤ አንድ መዝሙር ግማሹ እንደተጨማደደ ቀረ፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ያገለገለ ደህና የካሴት ማጫወቻ ዴክ አገኘሁ። አሁን እያንዳንዱን ካሴት ከማጫወቴ በፊት አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ እስከ ጫፍ አጠነጥነዋለሁ፤ ለዓመታት የተኛ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። በየካሴቱ መሃል ክሩን የሚያነበውን ሄድ በአልኮልና በጥጥ እጠርጋለሁ። ቅጂውን ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም እወስዳለሁ፣ ሳይታመቅ በዌቭ አስቀምጣለሁ፣ ኤምፒስሪ የማወጣው ለሰው ለመላክ ብቻ ነው።

ፍጥነትም አስቸግሮኛል። ያኔ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ በድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ነው። ድንጋዩ ሲደክም የተቀዳ መዝሙር ዛሬ በደህና ዴክ ሲጫወት ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጣደፋል። አንዱን የዘማሪ ደረጀ ከበደ መዝሙር ከሦስት ካሴት ላይ አገኘሁት፣ ሦስቱም በተለያየ ፍጥነት። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ እየታፈነ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሦስቱንም ገልብጬ ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን መረጥኩ። ሌሎቹን ግን አልጣልኳቸውም። በስንት እጅ እንዳለፈ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ትልቁ ስህተቴ ጩኸቱን ማጽዳቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ካሴቶች ሹሹታውን ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። ደስ ብሎኝ ለአክስቴ አሰማኋት። ዝም ብላ ሰማችና «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለች። ከሹሹታው ጋር የሰው ሳል፣ የወንበር ሲጢጢታ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚጮኸው ውሻ አብሮ ጠፍቶ ነበር። አሥሩንም እንደገና ገለበጥኩ።

ታሪኩን ሳላውቅ ድምፁን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ይህ አይገባኝም ነበር። ቀድሞ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በብዛት የሚዘመረው ከውጭ ዜማ የተተረጎመ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎችና ወጣቶች የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ዜማ መዘመር ጀመሩ፤ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን መዘምራንና እነ ዘማሪ አዲሱ ወርቁ ከቀዳሚዎቹ ናቸው። በዚያው ሰሞን በአሜሪካም ወጣቶች ጊታር ይዘው ቤተ ክርስቲያን እየገቡ ነበር። እዚያ ካልቫሪ ቻፕል የተባለ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ማራናታ ሙዚክ የተባለ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ፣ ነገሩም ውሎ አድሮ ትልቅ ገበያ ሆነ። የእኛው ግን በደርግ ጊዜ ጓዳ ገባ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታሰረ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፣ ምእመኑ በየቤቱ ተበተነ። አሳታሚም አከፋፋይም ሆኖ የሠራው ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ነው። ከ1983 በኋላ ኪቦርዱና ስቱዲዮው ሲመጣ ድምፁ በጣም ተለወጠ፤ ያንንም እወደዋለሁ፣ የጓዳውን ያህል ግን አያስለቅሰኝም።

ከካሴቶቹ አንዱንም ኢንተርኔት ላይ አልጫንኩም። መዝሙሩ ባለቤት አለው፣ ብዙዎቹም በሕይወት ስላሉ ፈቃድ እየጠየቅኩ ነው። ሌላው፣ ካሴት ከመክፈቴ በፊት አክስቴን አጠገቤ አስቀምጬ ስልኬን ቀረጻ ላይ አደርጋለሁ። ማን ቤት ተቀዳ፣ ማን አመጣው፣ ማን ተያዘ፣ ሁሉንም ትነግረኛለች። ይህን ከመጀመሪያው ካሴት ጀምሮ ማድረግ ነበረብኝ፤ አንዳንዱን ስም አሁን እየረሳችው ነው።

አራት ካሴት ቀርቶኛል፣ አንዱ ሻግቷል። ባለፈው ቅዳሜ ያንን «የሰርግ ዘፈን» እንደገና ከፈትኩላት። አብራ ዘመረች። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ መስኮቱም ዝግ ነበር። «ቀስ!» የሚለው ድምፅ ጋ ሲደርስ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።